ቁስል ላይ የተገኘው ዓሣ

ባለፈው ወር ለሥራ ካምፓላ ሄጄ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም አለው። ፓስፖርቴን ከቦርሳዬ እየፈለግኩ ሳለ ሽታው መጣብኝ፤ የእርጥብ ድንጋይ፣ የጨውና የዛገ ብረት ሽታ። ሻንጣዬን እዚያው ትቼ ሄድኩና ከመስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብዬ የዓሣዎቹን አፍ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛዋ ኋላ ብቅ ብላ የወደቀብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም አልወደቀብኝም። ሌላው ሰው ዓሣ ሲያይ ቀለሙን ያያል፤ እኔ ግን አፉን ካላየሁ ያየሁት አይመስለኝም። ይህን ያስለመዱኝ አያቴ ናቸው። ያኔ እሳቸው ራሳቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም ነበር።

በዚያን ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የምንኖረው እዚያው ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ነው፤ ከመሃል ከተማ ወደ ጋባ ሐይቅ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ። ዳዲ አየር መንገድ ቢሮ ይሠራል፤ እማዬ ካባላጋላ ሰፈር የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። አኳሪየሙ የዳዲ ነበር። ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዓሣ መቀለብ የጤና እንዳልሆነ እማዬ በየቀኑ ትነግረዋለች፤ እሱም በየቀኑ ልክ ነሽ ይላትና ወደ ዓሣዎቹ ይመለሳል። ጨዉ በከረጢት ተገዝቶ ይመጣል፤ ከዚያ ጓሮ ባለው ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል። የመበጥበጡ ሥራ የእኔ ነበር። በረጅም እንጨት አማስላለሁ፣ ክንዴ ሲዝል አቆማለሁ፣ ዳዲ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማሂ፣ ገና ነው" ይለኛል።

ጨዉ ካነሰ የዓሣዎቹ ሰውነት በውሃ አብጦ እንደሚሞቱ ይነግረኝ ነበር። አላመንኩትም። እማዬም ካሮት ካልበላሁ ዓይኔ እንደሚጠፋ ስለምትነግረኝ፣ ነገሩ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ለማዘዝ የሚሉት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ጨው ለዓሣም ያው እንደ ወጥ ለማጣፈጫ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ አባባ መጡ። አባባ የእማዬ አባት ናቸው፤ ደጀን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ሊታከሙ ነው የመጡት። እማዬ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ስታስወጣቸው አየሁና የካሮቱ ነገር እውነት መሆኑ ገባኝ። በዚያ ሳምንት ካሮት ሳልለመን በላሁ። ሐኪሙ ደግሞ ስኳራቸው ካልወረደ ዓይናቸውን እንደማይነካ ስለተናገረ፣ ለጥቂት ጊዜ የታሰበው እንግድነት ዝናቡ እስኪያበቃ ድረስ ተራዘመ። በስኳሩ ምክንያት የሚበሉት ተለክቶ ነበር የሚቀርብላቸው። ማቶኬ ሲቀርብላቸው፣ ይህ ነገር ድንች መሆን ያማረው ሙዝ ነው እያሉ በማንኪያ ወዲያ ወዲህ ያደርጉታል።

ሳሎናችን ውስጥ ከሁሉም ይልቅ የሚያበራው አኳሪየሙ ስለነበር ወንበራቸውን እዚያ አስጠጉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው አገኛቸዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የተኙ መስሎኝ በእግሬ ጣት ሳልፍ ድንገት "ማነው አሁን ያለፈው?" ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ስለ እኔ አልነበረም። ከፊታቸው፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ጥላ አልፏል።

"ቢጫ ዓሣ ነው" እላለሁ።

"ቢጫ መልኩ ነው። እኔ ማንነቱን ነው የጠየቅሁሽ።"

ችግሩ ማንነታቸውን በቅጡ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር። ዓሣዎቹን ከሞምባሳ በላስቲክ ከረጢት የሚያመጣው ሰውዬ የምን ዓሣ እንደሆነ ሲጠየቅ በጣም ጥሩ ዓሣ ነው ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ዳዲ ስልኩ ላይ እየፈለገ ጥቂቶቹን ለይቷል፤ የቀሩት ሥዕላቸው ከሌላ ዓሣ ጋር እየተምታታበት ተዋቸው። አባባ ግን ስም የሌለው ነዋሪ አይወዱም። የት ያድራል፣ ከማን ጋር ይውላል፣ ምን ይበላል፣ ማንን ይፈራል እያሉ ይመረምሩኛል። እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አያለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፤ ሲበቃቸው ስም ይሰጡታል። አሸዋ ሲጭር የሚውለው ቆፋሪው ተባለ። ድንጋይ ሥር አድፍጦ ለምግብ ብቻ የሚወጣው ሽፍታው ሆነ። እማዬ ከሁሉም አብልጣ የምትወዳት፣ ሰውነቷ ሰማያዊ፣ ፊቷ ጥቁር፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጥለት የደረበች የምትመስለው ደግሞ እሜቴ ተባለች። ዳዲ ከቢሮ ሲመለስ እነዚህን ስሞች መማር ግዴታው ሆነ።

ከአባባ ጋር የነበረን ጭቅጭቅ አንድ ነው፤ አንተ እያልኩ መጥራቴ። ካምፓላ ተወልጄ ስላደግኩ አማርኛዬ የቤት ብቻ ነበር፤ "አባባ፣ ና ምሳ" እላቸዋለሁ። ዳኛ አንተ ከተባለ ችሎቱ ይፈርሳል ብለው ይስቁብኝና እርስዎ እስክል ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ዓሣዎቹ እንዳይታፈኑ ውሃውን በኩባያ እየጨለፍኩ ከላይ መልሼ አፈስሳለሁ፤ አየር የሚገባለት እንዲህ ነው። አባባ የኩባያውን ድምፅ እየሰሙ የዱሮ ክርክሮችን ያወሩልኛል፤ የወሰን ክርክር፣ የበሬ ክርክር። ድምፁ ከተቋረጠ ወሬውም ይቋረጣል። ክንዴ ቢዝልም የበሬው ጉዳይ መጨረሻ እንዳያመልጠኝ አፈስሳለሁ።

ስም ያስቸገሩን ሁለት ዓሣዎች ነበሩ። አንደኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከአፉ እስከ ጭራው እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ። ዝናቡ ሲገባ ሰውዬው ጓደኛ ይሁነው ብሎ ሌላ አመጣ፤ ቁርጥ እሱን። ዳዲ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ፈለገና፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የሌሎችን ዓሣዎች ገላ እያጸዱ የሚኖሩ ሰላማዊ ፍጥረቶች ናቸው አለን። እኔ የምለያቸው በማደሪያቸው ነበር። የቀድሞው ትልቁ ድንጋይ ጋ ይውላል፣ አዲሱ የፓምፑ ቱቦ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ የድንጋዩና የቱቦው ተባሉ።

ዳዲ ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄደበት ሰሞን እሜቴ መቁሰል ጀመረች። መጀመሪያ የክንፏ ጠርዝ ተበጣጠሰ። ቀጥሎ ጎኗ ላይ በምላጭ የተነሣ የሚመስል ክብ ቁስል ወጣ። ለምግብ ሁሉንም ቀድማ የምትመጣዋ ጥግ ይዛ ቀረች። እማዬ ሱቅ ከመሄዷ በፊት መስታወቱ ፊት ቆማ ሳታያት አትወጣም። ዳዲ በስልክ፣ እንዲህ ከቀጠለች እንደማትተርፍ፣ የሚነክሳትን ለይተን ቶሎ ማውጣት እንዳለብን ነገረን። አውጥተን የት እንደምናደርገው ሳይነግረን መስመሩ ተቋረጠ።

አባባ አውጫጭኝ እንቀመጣለን አሉ። በአገራቸው በዱሮ ጊዜ ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲደርስ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ከብትም አያሰማራም። ያየ ሰው ካለ በስውር ለሽማግሌዎቹ ይናገራል። ያ ሰው ወፍ ይባላል። ማንነቱ አይገለጽም፣ ሲናገርም መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብለት የለም። የእኛዎቹ ነዋሪዎች እንደሆነ የትም አይሄዱም አሉ አባባ፤ የጎደለን ወፍ ብቻ ነው። ወፍ እኔ ሆንኩ።

እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም። ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ መስታወቱ ፊት እቀመጣለሁ፤ የቤት ሥራ ተረሳ። የጠረጠርኩት ሽፍታውን ነበር፤ የሚደበቅ ሰው ያጠፋ ነው ብዬ። እሜቴ አጠገብ ደጋግሜ ያየሁት ግን የድንጋዩን ነው። አፉን ቁስሏ ላይ ያስጠጋል፣ ይነካካል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ እዚያው ቁስል ላይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእጄ አፌን ጋርጄ በአባባ ጆሮ "የድንጋዩ ነው" አልኩ።

ብዙ አልጠየቁኝም፤ ወፍ አይጠየቅም። ከዘራቸውን በመዳፋቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና ፍርዱን ተናገሩ፤ ግዞት። ጋባ ያለው ሐይቅ ሰፊ እንደሆነ ሰምተዋል። ከበደላት ርቆ እዚያ ይኑር። በዳኝነት ዘመናቸው ሁሉ ሞት ፈርደው እንደማያውቁም ጨምረው ነገሩኝ። ይህ ትልቁ ኩራታቸው ነበር። ስለ ሥራቸው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ በብዕራቸው ነፍስ ሳይጠፋ ጡረታ መውጣታቸውን ሳይናገሩ አያልፉም። እኔም ፍርዱ ደግ ፍርድ መሰለኝ። ጋባን አውቀዋለሁ፤ ማዶው አይታይም። ማዶው ካልታየ ባሕር ነው።

የድንጋዩን በመረብ እስክይዘው ድረስ እጅጌዬ በሙሉ ረጠበ። ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር ባልዲ ውስጥ ጨመርኩትና ከደንኩት። ቅዳሜ እማዬ ዓሣ ልትገዛ ጋባ ስትሄድ አብረናት ሄድን። እማዬ እሜቴ ትዳንላት እንጂ ፍርዱ ግዞት ሆነ ሌላ ግድ አልነበራትም።

ጋባ ስንደርስ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ሙኬኔ፣ ያ ድቅቅ ያለ የሐይቅ ዓሣ፣ ሽታው ተቀበለን። አባባ የጋቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። እማዬ ወደ ሻጮቹ ሄደች። እኔ በአንድ እጄ አባባን፣ በሌላው ባልዲውን ይዤ ወደ ውሃው ዳር ወሰድኳቸው፤ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ሽማግሌ መሆናቸውን አይታ እንደ አገሩ ደንብ ተንበርክካ "ሙዜ" ብላ ሰላም አለቻቸው። አባባ ጥላዋ ዝቅ ሲል አቤቱታ ያላት መስሏቸው ተነሥታ ቆማ እንድትናገር በአማርኛ ነገሯት። ሴትየዋ ሳቀች። ከዚያ ጀሪካኗን ከሐይቁ ሞላችና ምድጃዋ ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገለበጠችው።

ግራ ገባኝ። በጨው ውሃ ሻይ ይፈላል እንዴ? ጣቴን ሐይቁ ውስጥ ነክሬ ቀመስኩ። ጭቃ ጭቃ ይላል እንጂ ጨው የለውም። ራቅ ብዬ ሌላ ቦታ ቀመስኩ፤ እዚያም የለም። በርሜሉን ሳማስል ዳዲ በመስኮት የሚለኝ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። የካሮቱ ነገር እውነት ከሆነ የጨዉም እውነት ነው።

"አባባ" አልኩ፣ "ውሃው ጨው የለውም።"

"ባይኖረውስ?"

"ጨው ከሌለ ያብጣል። ይሞታል። ዳዲ ነው የነገረኝ።"

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ባልዲውን ፈለጉና መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ጫኑ፤ ማንም እንዳይከፍተው። ፊታቸውን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ፈርተው ነበር። ትልቅ ሰው ሲፈራ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እኔም ፈራሁ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከአሁን ወዲያ ወፍ አይደለሽም፣ ምስክር ነሽ። ምስክር ይጠየቃል። ሲነክሳት አየሽው ወይስ ቁስሏ ላይ አየሽው?"

"ቁስሏ ላይ።"

"ሲነክሳትስ?"

"አላየሁም።"

"ቁስል ላይማ ሐኪምም ይገኛል" አሉ።

አለቀስኩ። አልተቆጡኝም። ጭንቅላቴን እየዳበሱ፣ ጥፋቱ የወፏ ሳይሆን ሳይጠይቅ የፈረደው ዳኛ እንደሆነ ነገሩኝ። እማዬ የገዛችውን ዓሣ በላስቲክ ይዛ ስትመጣ ባልዲውን እንደያዝን ወደ መኪናው ስንመለስ አገኘችን። ምነው መለሳችሁት ብትል ቀጠሮ ተሰጥቶታል ብለው ብቻ መለሱላት።

ቤት እንደገባን የድንጋዩን ባልዲው ውስጥ አቆየነው፤ መብራት እንደጠፋ ሁሉ በኩባያ እየጨለፍኩ አየር ሰጠሁት። በማግስቱ እሜቴ ጎን ላይ አዲስ ቁስል ነበር። ይህ ብቻውን ለእኔ በቂ ነበር፤ ለአባባ ግን አልበቃም። በውስጡ ሌሎችም አሉ፤ አንዱ ነጻ ወጣ ማለት ሌላው ተፈረደበት ማለት አይደለም አሉኝ። መንታዎቹን ከራስ እስከ ጭራ እያስተያየሁ እንድናገር አዘዙኝ። ባልዲው ላይ ተደፍቼ አያለሁ፣ ሮጬ ሄጄ ቱቦው ደጃፍ ላይ አያለሁ። መስመሩ? አንድ ነው። ሰማያዊውስ? አንድ ነው። ዓይኑስ? አንድ ነው። አፉስ ሲሉኝ እንደገና ወደ ባልዲው ሮጥኩ። የድንጋዩ አፍ ፊቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ምግብ ስጥልለት ቀጥ ብሎ ይለቅማል። የቱቦው ብቅ ሲል ግን ጫፉ ላይ አፍ የለም። ወለሉ ላይ ተኝቼ ከታች ወደ ላይ አየሁት። አፉ ከአፍንጫው በታች ገባ ብሎ፣ አገጩ ሥር ነበር።

"አፉን ምን አስደበቀው?" አሉ አባባ።

ዳዲ ሲደውል አፉን ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለ፤ ድምፁ ተለውጧል። ሌላ ዓሣ ነው፣ አለ። የሚያጸዳውን ዓሣ መልኩንም አዋዋሉንም ይመስላል፤ ሌሎቹ ሊታጠቡ ነው ብለው ዝም ሲሉለት ቦጭቆ ይሮጣል። ራሱ አፉን ሳያይ መልኩን ብቻ አይቶ እንዳሳሳተን አምኖ አባባን ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲቦጭቃትም በዓይኔ አየሁት፤ ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ለመግባት የዓይን ጥቅሻ ያህል አልፈጀበትም። እሱን ማጥመድ የድንጋዩን ከማጥመድ ይብስ ነበር። የእሱ ቅጣት እስር ሆነ፤ ዳዲ መጥቶ ለብቻው ትንሽ ገንዳ እስኪያዘጋጅለት ድረስ ባልዲው ውስጥ። የእስረኛውን ውሃ እኔ በጠበጥኩ። ማንም በመስኮት ገና ነው ሳይለኝ፣ ከክንዴ መዛል በኋላም አማሰልኩ።

የድንጋዩ ሲመለስ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። ባልዲውን ቀስ ብዬ አዘነበልኩ። "በድለንሃል" አሉት። ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እኔም ዋጥኩት። እሜቴ ከጥጓ ወጥታ ድንጋዩ ፊት ቆመች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ምንም ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው።

"አሁን የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ቁስሏ ላይ ነው አባባ።"

"ይሁን" አሉና ተቀመጡ።

የአባባ ስኳር የወረደው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። አንደኛው ዓይናቸው ተሠራ፤ በማግስቱ ፋሻው ተነሣላቸው። እማዬ እንዳለችው በመኪና ሲመለሱ ቦዳ በሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ላይ የተጫነ ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጦ አይተው፣ ሐኪሙ ጋ እንመለስ፣ ይህ ዓይን ገና አልዳነም ብለዋል። ቤት ሲገቡ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ። ቀጥለው ወደ አኳሪየሙ ሄዱ። እሜቴን ሳልነግራቸው አወቋት፤ ቁስሏ ጠባሳ ሆኗል። ቆፋሪውን አወቁት። ሽፍታው እስኪወጣ ጠብቀው እሱንም አወቁት። የድንጋዩን ግን አጡት።

የታለ አሉኝ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አደረግኩ። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ አጎነበሱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ እሱ ያልጠየቁኝ አልነበረም፤ መልኩን፣ ማደሪያውን፣ ዓይኑን፣ አፉን። ቁመቱን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም መናገሩ ትዝ አላለኝም። እዚያ ወንበር ላይ ሆነው ስለ ተከሳሹ ሲያስቡ ቢያንስ ጋባ የሚሸጠውን ዓሣ የሚያህል ነገር ሳይታያቸው አልቀረም። የድንጋዩ ከጣቴ ሥር ወጣ። ርዝመቱ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም።

አባባ እንዳጎነበሱ ቀሩ። እማዬ ከኋላችን የዓይን ጠብታውን ይዛ ቀና እንዲሉ ትለምናቸዋለች፤ አልሰሟትም። አዲሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

"ይቺን የምታህል ነፍስ ነበረች እንዴ?" አሉ። "እንኳን መለስናት።"